ክርክር፦ የጋራዥ ረዳት ደመወዝ ይገባዋል ወይስ ሙያው ራሱ ክፍያው ነው?

ጠያቂዋ
የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። መርካቶ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኖ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ይገባል፣ ማታ 2 ሰዓት ይወጣል፤ እሑድም አይቀርለትም። የሚሰጡት የምሳና የታክሲ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ሲያወርዱ ሁለት ጣቶቹ ላይ አረፈበት። ሐኪም ቤት የወሰድኩትም የከፈልኩትም እኔ ነኝ። ሄጄ ስጠይቅ «ሙያ እያስተማርነው ነው፤ እንዲያውም እናንተ ልትከፍሉን ይገባ ነበር» አሉኝ። እስቲ ፍረዱ።

ባለጋራዥ፣ ሳሪስ
እህቴ፣ ልጁን እግዚአብሔር ይማረው። ሕክምናውን አለመክፈላቸው ነውር ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። በደመወዙ ግን እከራከራለሁ። እኔ የላዳ ታክሲ ጎማ እያወለቅሁ ሦስት ዓመት የቆየሁት በሻይና በዳቦ ነው። ረዳት ማለት 14 ቁልፍ ስትለው 17 የሚያመጣ ልጅ ነው። ቡሎን ይቆርጣል፣ ዘይት ቀይሮ ክዳኑን ሳያጠብቅ መኪናውን ይለቅቃል፤ ሞተሩ ሲበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ባለመኪናው ደግሞ ለመለዋወጫው በአሥር ሺዎች ከፍሎ ይመጣና፣ የእጅ ዋጋ ስነግረው እንደ ሽንኩርት ይከራከረኛል።

ባለመኪና
አዎን፣ እከራከራለሁ። ለእጅ የከፈልኩት ገንዘብ የማን እጅ እንደሚገባ አላውቅምና። የቪትዜን የፍሬን ሸራ የቀየረው ረዳቱ ነበር፤ ዋናው ሰውዬ ቁርስ ላይ ነበሩ። የተጠየቅሁት ሂሳብ ግን የዋና መካኒክ ነው። ልጁ ተማሪ ከሆነ የእኔን ፍሬን አትስጡት። ባለሙያ ከሆነም ክፈሉት።

መካኒክ፣ 18 ዓመት በሙያው
ነገሩ ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። ባለቤቱ ለሁሉም ደመወዝ የሚከፍልበት ጋራዥ አለ፤ እኔ የሠራሁባቸው አብዛኞቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። ባለቤቱ ቦታውን፣ ኮምፕሬሰሩንና ስሙን ያቀርባል፤ መካኒኩ ከእጅ ዋጋው ግማሹን፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ ያነሰ ይወስዳል። ረዳቱን የሚያመጣው መካኒኩ ነው፣ የሚሰጠውም ከራሱ ድርሻ ላይ ነው። መኪና ያልገባ ቀን ሁላችንም ባዶ ኪስ እንገባለን። እንግዲህ ልጁ ሲጎዳ ባለቤቱ «እኔ አልቀጠርኩትም» ይላል። መካኒኩም «እኔ ራሴ ሠራተኛ እንጂ ቀጣሪ አይደለሁም» ይላል። ልጁ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ሁለት ረዳቶች አሉኝ፤ ሳምንቱ ሲቀና እሰጣቸዋለሁ፣ ሲከፋ በምሳ እሸኛቸዋለሁ። ሳምንቱ የቀናው በማን ጉልበት እንደሆነ ግን አሳምሬ አውቃለሁ።

የሕግ ባለሙያ
«የማንም አይደለም» የሚለው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፊት አይቆምም። ሙያ የመለማመድ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውንም ገንዘብ መግለጽ አለበት። ተራ የሥራ ውል ግን በቃልም ይጸናል። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ጋራዥ «ተማሪዬ ነው» ሲል የሚያስረዳበት የለውም፤ ልጁ ሠራተኛ ወደ መባሉ ያደላል። በዚያ ላይ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሳምንታዊ የዕረፍት ቀንም ማሠራት ክልክል ነው። ተለማማጅ ቋሚ ጉዳት ቢደርስበት ካሳው የሚሰላው ሥልጠናውን ጨርሶ በባለሙያነት ያገኝ በነበረው ደመወዝ ነው። የምሳ ገንዘቡ መሠረት አይሆንም።

ባለጋራዥ፣ ሳሪስ
ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ስንት ልክፈል? በግድ ክፈል ከተባልኩ ከኮሌጅ የወጣ እወስዳለሁ፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው ልጅ በር ይዘጋበታል። ይህንንም አስቡት።

የተግባረ ዕድ ምሩቅ
ጋሼ፣ በወሰዱኝ ደስ ባለኝ። ተግባረ ዕድ ተምሬ፣ የብቃት ምዘናውን አልፌ፣ ሦስት ጋራዥ ብሄድ ሦስቱም «መጀመሪያ በነጻ እንይህ» አሉኝ። በነጻ የሚሠራ ልጅ ካለ ለእኔ ለምን ይከፍላሉ? የእርሱ ነጻ ጉልበት የእኔንም ዋጋ አውርዶታል። ደግሞ ሁላችሁም ስለ ብር ብቻ ታወራላችሁ። እጃችንን የምንታጠበው በቤንዚን ነው። መኪናው ሥር የምንገባው በክሪክ ብቻ ተይዞ ነው። ቀለም የሚረጨው ጓደኛዬ አፉን በነጠላ ቁራጭ አስሮ ነው የሚውለው፤ ማታ የሚተፋው ምራቅ የዕለቱን መኪና ቀለም ይዞ ይወጣል።

ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ
እዚህም ገነት አይደለም። ብዙ ቦታ መካኒክ የሚከፈለው የጥገና ሰዓት መመሪያው መጽሐፍ ለሥራው በመደበለት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት የተባለው አራት ቢፈጅብህ ሁለቱ ከኪስህ ነው። መሣሪያህንም የምትገዛው ራስህ ነህ። ነገር ግን ዘይት ብቻ የሚቀይረው ጀማሪ እንኳ ከሕጉ ወለል በታች አይከፈለውም፤ በዚህ ግዛት ከ2024 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው። «ሙያ ተማርክ» ብሎ ወለሉን የሚያስቀር ባለቤት አልገጠመኝም።

ባለጋራዥ፣ ሳሪስ
የዶላሩን ተዉት። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ጠይቁ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ካንዴላ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው! እኔ ራሴ ነገ ምን እንደምሠራ አላውቅም።

ባለመኪና
እንግዲያውስ ጋሼ፣ ክርክርዎን ራስዎ አፈረሱት። ለልጁ በገንዘብ ፋንታ የሚከፍሉት ሙያውን ነው፤ ያ ሙያ ነገ እንደሚያበላ ደግሞ ራስዎ እርግጠኛ አይደሉም።

ባለጋራዥ፣ ሳሪስ
…ይሁን። የመጀመሪያውን ስድስት ወር ለማስተማር ይተዉልን። ከዚያ በኋላ ብቻውን ፍሬን የሚፈታ ልጅ ይከፈለው። ከድርሻው ማን ይቀንስ የሚለውን ግን ከመካኒኩ ጋር እንጨርሰው።

መካኒክ፣ 18 ዓመት በሙያው
ከሁለታችንም ይቀነስ። ከእኔ ብቻ ከሆነ አልስማማም።

ጠያቂዋ
ሰኞ ሄጄ የተፈረመ ውል እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። ከሌላቸው ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ልጁ ግን አስቸግሮኛል። እጁ እንደታሰረ ነው፣ «ያወረድነው ካምቢዮ ገና አልተገጠመም፤ ሌላ ልጅ እንዳይገጥመው» እያለ ልሂድ ይለኛል።