አስቸኳይ፦ የ3ዲኤስ (የኒንቴንዶ የእጅ ጌም ማጫወቻ) ሚሞሪ ካርዴ ሞተ፣ ሱቁም ተዘግቷል። የገዛኋቸው ጌሞች አለቀላቸው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ጠያቂ)፦
ወገን ድረሱልኝ! ነገ ማታ ከልጄ ጋር ወደ አዲስ አበባ በረራ አለን። ትናንት የ3ዲኤሱ ሚሞሪ አልነበብ አለ። አዲስ ገዝቼ ከተትኩ። አሁን ደግሞ ኢ-ሾፑ፣ የኒንቴንዶ የኢንተርኔት ጌም ሱቅ፣ አልከፈት አለኝ። ሱቁ ስለተዘጋ ነው አይደል? ከ2011 ጀምሮ የሰበሰብኩት ሁሉ እዚያ ነው ያለው። አምባሳደር ሆኜ ያገኘኋቸው 20 ጌሞችም ጭምር። ልጄ የምትወደው እነሱን ነው። ምን ይሻለኛል?

አሮጌ ካሴት፦
የድሮውን ካርድ አውጣው። ወርቃማውን ክፍል በላጲስ ቀስ አድርገህ ጥረገው። መልሰህ ክተት።

የመገናኛው ልጅ፦
አምባሳደር ከሆንክማ ቪዛ ጨርስልኝና ካርዱን እኔ ራሴ መጥቼ እሠራልሃለሁ 😂

ባለ ካርትሪጅ፦
ቀልዱ ይቆየን፣ ነገሩ ያሳዝናል። ለማታውቁት ላስረዳ። 3ዲኤስ አሜሪካ ውስጥ ማርች 27 ቀን 2011 ሲወጣ ዋጋው 249.99 ዶላር ነበር። ገበያው ቀዘቀዘ። አምስት ወር ሳይሞላ ኦገስት ላይ ወደ 169.99 ወረደ። ዋጋው ሳይወርድ የገዙት፣ ማለትም ኩባንያውን ከሁሉ አስቀድመው ያመኑት፣ 80 ዶላር ከሰሩ። ኒንቴንዶ ለእነሱ ማካካሻ 20 የድሮ ጌሞች በነፃ ሰጠ። "አምባሳደር" ያላቸው እነሱን ነው። ከ20ዎቹ 10ሩ የጌምቦይ አድቫንስ (የኒንቴንዶ የድሮ የእጅ ማጫወቻ) ናቸው፤ በ3ዲኤስ ሱቅ ለሌላ ሰው ተሸጠው አያውቁም። ስለዚህ ይህ ወንድማችን ካጣቸው፣ በገንዘቡም መልሶ አያገኛቸውም።

ከዚያ ማርች 27 ቀን 2023 ሱቁ ለግዢ ተዘጋ። ቀኑን ልብ በሉ፤ አሜሪካ የገባበት 12ኛ ዓመት ነው! አፕሪል 2024 ላይ ደግሞ ከሰው ጋር በኢንተርኔት መጫወት ቀረ። ሶኒም በ2021 የጌም ማጫወቻዎቹን፣ የፕሌይስቴሽን 3ን እና የቪታን፣ ሱቅ እዘጋለሁ ብሎ ነበር። ደንበኛው ሲጮህ ግን በሳምንታት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ኒንቴንዶም እንዲህ ቢሰማ ምን ነበረበት? እኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሽቦ ፈቺ፦
ቆይ ቆይ። ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል። ሱቁ የተዘጋው ለሚገዛ ሰው ነው እንጂ ቀድሞ ለገዛ አይደለም። የገዛኸውን እንደገና ማውረድ ይቻላል። የአምባሳደሮቹንም። እኔ የራሴን ባለፈው ወር አውርጃለሁ። የአንተ ችግር ሌላ ቦታ ነው። የትኛው 3ዲኤስ ነው? ዋይፋዩ ይያያዛል? ምን ብሎ ነው አልከፈትም የሚልህ?

አሮጌ ካሴት፦
በላጲስ ጠረግከው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ጠያቂ)፦
ጠርጌዋለሁ፣ ላፕቶፑም አያየውም። 3ዲኤሱ የመጀመሪያው ነው፣ የ2011ዱ። ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘህም ይለኛል። ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ይሠራል። 3ዲኤሱ ላይ ግን የዋይፋዩ ስም ራሱ አይመጣም። ባለፈው ሳምንት ራውተር ቀይረናል፣ ግን እሱ አዲስ ነው።

ሽቦ ፈቺ፦
በለው! ይሄን መጀመሪያ አትናገርም ወንድሜ? 3ዲኤስ የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። 5 ጊጋን አያይም። ደብልዩፒኤ3 የሚባለውን አዲሱን የይለፍ ቃል ጥበቃም አያውቅም። አዲሱ ራውተርህ የሚለቀው እነዚህን ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ማታ ከራውተር ጋር አትታገል። አይፎን 12 ወይም ከሱ በኋላ የወጣ ካለህ የሆትስፖቱ (ስልኩ ኢንተርኔቱን የሚያጋራበት) ገጽ ላይ "ተኳኋኝነትን ጨምር" (Maximize Compatibility) የሚል ማብሪያ አለ። እሱን አብራ፤ ስልኩ በ2.4 ይለቃል። 3ዲኤሱን ከሱ ጋር አያይዘው። አፕዴት ከጠየቀህ አድርግ። ከዚያ ኢ-ሾፕ ግባና ቅንብሮች ውስጥ እንደገና የሚወርዱ የሚለውን ዝርዝር ፈልግ።

የ2011 ልጅ፦
እኔ ግን አንድ ነገር አለኝ። "ገዛሁ" ትላላችሁ። ኩባንያው የሸጠው ጌሙን አይደለም፣ የመጫወት ፈቃድ ነው። ውሉ ላይ ተጽፏል።

ባለ ካርትሪጅ፦
ተጽፏል፣ እውነት ነው። ግን ቁልፉ ላይ "ግዛ" ነበር የሚለው። ለ12 ዓመት ገንዘቡን ሲያወጣ የኖረ ሰው ያንን ቁልፍ አምኖ ነው የተጫነው። ዛሬ ማውረድ ቢቻልም እስከ መቼ እንደሚቆይ ቀን አልተቆረጠለትም። እባካችሁ ያላችሁ ሁሉ በሩ ሳይዘጋ አውርዱ።

ፀሐይ ከዳላስ፦
ወንድሜ፣ ሦስት ነገር ልጨምርልህ። አዲሱ ካርድ ከ32 ጊጋባይት በላይ ከሆነ መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት አድርገው። የ3ዲኤሱን የራሱን ፎርማት ግን በጭራሽ እንዳትነካው! ሌላው፣ የድሮውን ካርድ በሌላ ካርድ ማንበቢያ ሞክረው። አንድ ጊዜ እንኳን ከተነበበ "ኒንቴንዶ 3ዲኤስ" የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ አዲሱ ገልብጠው። ሴቩም (የደረሰችበት ደረጃ) ጌሞቹም እንደነበሩ ይመጣሉ። ካልተነበበ ግን ጌሞቹ ይመለሳሉ እንጂ ሴቩ አይመለስም፤ የወረዱ ጌሞች ሴቭ የሚቀመጠው ካርዱ ላይ ነው። ለልጅቷ ቀድመህ ንገራት፣ አውሮፕላን ውስጥ እንዳታለቅስብህ።

አሮጌ ካሴት፦
አልኮልም ይሞክር፣ በላጲሱ ፋንታ።

የገርጂው፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ቻርጀሩን ገልብጠህ አንብብ። የአሜሪካው 3ዲኤስ ቻርጀር 120 ቮልት ብቻ ነው። አዲስ አበባ 220 ነው። አስማሚ ሶኬት ብቻ ሰክተህ ብታያይዘው ታቃጥለዋለህ። እህቴ ካመጣችው አንዱ እንዲሁ ቀልጧል። በዩኤስቢ የሚሞላ የ3ዲኤስ ገመድ አለ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ከመብረርህ በፊት ገዝተህ ያዝ፣ እዚህ ማግኘት ያስቸግርሃል።

ሽቦ ፈቺ፦
የሲልቨር ስፕሪንጉ፣ ሆትስፖቱ ሠራ? 20ዎቹ ዝርዝሩ ላይ መጡልህ?

የመገናኛው ልጅ፦
በረራው ማታ ነበር። አሁን አየር ላይ ይሆናሉ።