ለሐይቅ ብርድ የሚሆን ዌደር (ውሃ የማያስገባ፣ እስከ ደረት የሚደርስ ሱሪ)፦ ውፍረቱ 3 ሚሊ ወይስ 5?

የመረብ ልጅ፦
ሰላም ጀማው፣ ወሎ፣ ሐይቅ ላይ መረብ እጥላለሁ፣ ንጋት ላይ እስከ ወገቤ ገብቼ ነው የማወጣው እና ታህሳስና ጥር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። አምና የገዛሁት እስከ ደረት የሚደርስ የፕላስቲክ ሱሪ አራት ወር ሳይሞላው ጉልበቱ ላይ ተሰነጠቀ፣ ብሽሽቱ ጋ ደሞ ስፌቱ ውሃ ማስገባት ጀመረ። አሁን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ እዛ ዳክዬ አዳኞች የሚለብሱትን ዌደር ላምጣልህ አለኝ፣ 3 ሚሊም 5 ሚሊም አለ ይላል። የቱን ልበለው?

ደሴ ሚኒሶታ፦
አብሽር ወንድሜ። እዚህ አዳኞቹ 5 ሚሊውን የሚለብሱት ጥቅምትና ህዳር ላይ በረዶ ሊሰራ በደረሰ ውሃ ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ ሰዓታት ስለሚቆሙ ነው። አንተ ግን መረብ ትጎትታለህ፣ ረፋድ ላይ ደሞ ፀሐዩ አለ፣ በ5 ሚሊ ትቀቀላለህ። 3 ሚሊ ኒዮፕሪን በለው፣ ውስጡ ጥቃቅን አረፋ ያለው ላስቲክ ነው፣ ሙቀቱን የሚይዘው አረፋው ነው። ላብ የሚያስወጣ ስስ ጨርቅም አለ ግን ራሱ አያሞቅም፣ ከስር ወፍራም ሱሪ ይፈልጋል። ቦቲው አብሮ የተያያዘ፣ ጉልበቱ ድርብ የሆነ ይሁን። ልክህን በደንብ ላክለት፣ ቁጢጥ ስትል ብሽሽቱ ከተወጠረ ስፌቱ ከዛው ነው የሚለቀው፣ የአምናውም በዛ የሄደ ይመስለኛል።

የአርድቦ ሰው፦
ልጄ፣ ቀበቶውን ማንም አላነሳልህም። ሐይቅ እኮ አንዳንድ ቦታ ከዳሩ ሳትርቅ ይከዳል፣ መሀሉ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ብትወድቅ ውሃው በደረትህ ገብቶ እስከ እግርህ ይሞላል፣ ያን ተሸክሞ መውጣት ከባድ ነው። ወገብህ ላይ ጠበቅ አርገህ ከታጠቅክ ቶሎ አይወርድም። በአላህ ያለ ቀበቶ እንዳትገባ።
ሌላው፣ ቆርቆሮ ላይ አታስጣው፣ ፀሐይ ላስቲክ ይሰነጥቃል። ገልብጠህ ጥላ ስር ስቀለው፣ አጣጥፈህም አታስቀምጥ። ቢቀደድ ጎሚስታ ጋ አትሩጥ፣ የኒዮፕሪን ማስቲሽ ለብቻው አለ፣ አንድ ትዩብ አብሮ ያምጣልህ።

የመረብ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ አባቴ፣ የአምናውን ቆርቆሮ ላይ ነበር የማሰጣው፣ ቀበቶም አልነበረውም። 3 ሚሊ ከነቀበቶው ብዬዋለሁ። እግሬ 42 ነው፣ 42 ልበለው?

ደሴ ሚኒሶታ፦
43 በለው፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ታደርግበታለህ። ጫማው ካጣበቀህ ደም አይዘዋወርም፣ እግርህ መጀመሪያ የሚደነዝዘው በዛ ነው።