ይቅርታ ሳትጠይቀኝ ይቅር ልበላት? ዋስ ሆኜ የከፈልኩላት የማኅበር እህቴ ጉዳይ

ጠያቂ፦ ባለ ቁርስ ቤቷ (አራት ኪሎ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አራት ኪሎ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ፤ ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር እሠራለሁ። ነገሩን ሳብሰለስለው ከርሜ ዛሬ ቤቱን ዘግቼ ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ።

በእመቤታችን ስም የምንጠጣው ጽዋ ማኅበር አለን። እዚያ የማውቃትን አንዲት እህት እኔ የምጥለው ዕቁብ ውስጥ አስገባኋት። ዕጣው ሲወጣላት ጸሐፊው ዋስ አምጪ አላት፣ እኔ ፈረምኩ። ብሩን ከበላች በኋላ ጥቂት ጊዜ ጣለችና አቆመች። ስልክ አታነሳም። የዕቁብ ነገር ታውቃላችሁ፣ ተቀባዩ ሲጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው። 60 ሺህ ብር ከፈልኩ፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ገባ።

ብሩ አያንገበግበኝም ብል ውሸት ነው። ከብሩ ይልቅ ግን የሚያቃጥለኝ ምንም እንዳልተፈጠረ መሆኗ ነው። ለ21 ማኅበር ትመጣለች፣ ጠላ ትቀዳለች፣ «እንዴት ነሽ የኔ እናት» ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ሲል ምእመኑ ግራ ቀኙን እጅ ይነሳል። እሷ ከፊቴ ነበረች። ዞረች፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ያዝ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ። አንገቴ እምቢ አለኝ። ልቆርብ ተዘጋጅቼ የመጣሁ ሰው ሳልቆርብ ወጣሁ።

ነፍስ አባቴ «ይቅር በያት» አሉኝ። እሺ፣ ግን እሷ «በድዬሻለሁ» ሳትል እኔ ይቅር ብያለሁ ብል ምን ማለት ነው? ብሩንስ ብጠይቃት ይቅርታዬ ፈረሰ? የምታውቁ በእግዚአብሔር ቃል ምከሩኝ።

መልስ፦ የካዛንቺሷ

እህቴ፣ እኔ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግሁት፤ መጽሐፉ ግን የሁላችንም ነው። ማርቆስ 11፥25ን ተመልከቺው። ለጸሎት በቆማችሁ ጊዜ በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉ ይላል። በዚያ ሰዓት የበደለሽ ሰው አጠገብሽ የለም፤ ያላችሁት አንቺና አባትሽ ናችሁ። እሷ እስክትመጣ ጠብቂ አላለሽም።

እኔ አባቴን ይቅር ያልኩት ከቀበርነው በኋላ ነው። እናቴን ጥሎ ሲሄድ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አንድም ቀን ይቅርታ ሳይጠይቀን ሞተ። ከእሱ የሚመጣ ቃል ባይኖርም በጸሎት ላይ ስሙን ጠርቼ ተውኩለት። እንባዬ ግን ወዲያው አልቆመም፤ ጊዜ ወስዶብኛል። አንገትሽ እምቢ ስላለሽ ብቻ ራስሽን አትኮንኚ።

መልስ፦ ጠበቃው

ከላይ ከተጻፈው ጋር አልስማማም። ሉቃስ 17፥3 ግልጽ ነው፤ «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፥ ቢጸጸትም ይቅር በለው።» «ቢጸጸት» የሚለው በከንቱ አልተጻፈም። በማቴዎስ 18 ያለው ባለ ዕዳም ምሕረት ያገኘው ወድቆ ከለመነ በኋላ ነው። እግዚአብሔርም ኃጢአታችንን ብንናዘዝ ይቅር እንደሚለን ነው 1ኛ ዮሐንስ የሚነግረን።

በሥራዬ የማየው ነገር አለ። ሰው በደሉ ሳይነገረው ሲታለፍ ሌላውን ወደ መበደል ይሄዳል። ነገ ለሌላ ሰው ዋስ ሁኚልኝ ትላለች፤ ያቺም ሴት ልጆች ይኖሯታል። ለእሷ ነፍስም ቢሆን ዝምታሽ አይጠቅማትም።

መልስ፦ አባባ፣ የቀድሞ የዕቁብ ዳኛ (ፒያሳ)

ልጄ፣ ፒያሳ ሱቅ በነበረኝ ዘመን ዕቁብ ዳኝቻለሁ። ዋስ ሆኖ የተቃጠለ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ጠበቃው የጠቀሰው የጌታ ቃል ነው፤ ሊታለፍ አይገባም። ነገር ግን ያንኑ ምሳሌ ረጋ ብለን እናንብበው። ያ ባሪያ ይቅር በለኝ አላለም። የለመነው ጊዜ ነው፤ ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ ነው ያለው። እልፍ መክሊት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ቢሠራ የማይከፍለው ዕዳ ነው። ጌታው አዘነለትና ዕዳውን በሙሉ ተወለት፤ ያልተለመነውን ሰጠው። በሉቃስ ወንጌልም ጌታ በመስቀል ላይ «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ያለው አስቀድሞ ነው። አብሮት የተሰቀለው ወንበዴ አስበኝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው ሲል ሳውል የወጋሪዎቹን ልብስ እየጠበቀ እዚያው ቆሞ ነበር። ከቆሙት መካከል ማን የተጸጸተ ነበር?

ገሥጸው የተባለውስ? ይቅር ሳይል ሊወቅስ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ሊጣላ ነው። ገና ከበር ድምፁ ያስታውቃል። ስንቱን ሽምግልና ያፈረሰው ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ይመጣል፣ አንዱም አይሰማም። ልቡን ቀድሞ የጨረሰ ሰው ግን በደሉን አንድ በአንድ ሲናገር እንኳ ይሰማል። ስለዚህ ከልብሽ ማውጣቱ እሷን አይጠብቅም፤ እንደ ቀድሞው መሆን ግን የእሷን እውነት ይፈልጋል።

ስለ ብሩ ስትጠይቂ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈው ትዝ አለኝ። ስለ አናሲሞስ ሲለምን፣ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቍጠር፣ እኔ እመልሳለሁ ብሎ በእጁ ጻፈ። ዋስ ሆነ ማለት ነው፣ እንዳንቺው። ዕዳ የለም ግን አላለም። ዘኬዎስም ጌታ ቤቱ ሲገባ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መክፈል የእሷ የንስሐ መንገድ ነውና አትዝጊባት። ብሩን ትጠይቂያለሽ። ነገ «ሌላ ዕቁብ ልገባ ነው፣ ፈርሚልኝ» ብትልሽ አለመፈረምሽም ቂም አይባልም።

አካሄዱን ልንገርሽ። በማኅበር መካከል አታንሺው፣ በስልክም አይሆንም። ጌታ ብቻችሁን ሆናችሁ ያለው ለዚህ ነው፤ ሰው ፊት የተዋረደ ሰው መካድ ይቀለዋል። ቤቷ ሂጂ። ከመሄድሽ በፊት በክርስትና ስሟ ጸልዪላት፣ ለደንበኞችሽም ታሪኩን መንገር ተዪ። ካልሰማችሽ ዳኛውንና ጸሐፊውን ይዘሽ ትመለሻለሽ። ሥጋ ወደሙን በሚመለከት ግን የነፍስ አባትሽን ቃል ስሚ፤ ያ የእኔ ድርሻ አይደለም።

መልስ፦ ጠበቃው

አባባ፣ የባሪያውን ልመና እንደዚህ አላየሁትም ነበር። እስጢፋኖስ ግን የጸለየው ወደ እግዚአብሔር ነው እንጂ ሰዎቹን ይቅር ብያችኋለሁ አላላቸውም፤ እዚያ ላይ አሁንም ልዩነት አለኝ። ቤቷ ትሂድ በሚለው እስማማለሁ። የፈረመችበትንና የከፈለችበትን ወረቀት ግን ቅጂ ታስቀምጥ።

ጠያቂ፦ ባለ ቁርስ ቤቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለደንበኞቼ እንደምናገር እንዴት እንዳወቁ እንጃ፣ አባባ፤ እውነት ነው፣ ፉል እያቀረብኩ ስንት ሰው ነግሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። የክርስትና ስሟን ከማኅበሩ መዝገብ አየሁት። ከመጪው 21 በፊት ቤቷ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ በየወሩ ይህን ያህል ክፈዪኝ ብዬ እኔ ልጀምር ወይስ እሷ ትናገር?

መልስ፦ አባባ፣ የቀድሞ የዕቁብ ዳኛ (ፒያሳ)

እሷ ትናገር። ትንሽም ብትጠራ በመጀመሪያው ቀን አትከራከሪያት፤ ያለችውን በወረቀት አስፍሩትና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ቡና ካቀረበችልሽ ጠጪ።