«ዱር»፣ «ጫካ»፣ «ደን»፣ «በረሃ»፦ የትኛውን የት እንጠቀም?

ጥያቄ፦ ውድ አባላት፣ ጠቃሚ የአገራችን ዛፎች ሰው ሳይተክላቸው ስለሚበቅሉባቸው ቦታዎች ስንጽፍ እነዚህን አራት ቃላት አንዱን በሌላው እየተካን እንጠቀማለን። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የዕጣን ዛፍ «በረሃ» ውስጥ ይበቅላል ማለትስ ትክክል ነውን?

መልስ፦ ጠያቂያችን ላነሡት ጉዳይ ከሁሉ የተሻለው ምስክር የዕለት ንግግራችን ይመስለኛል። የሸፈተ ሰው «ዱር ቤቴ አለ»፣ የታጠቀው «ጫካ ገባ» ወይም «በረሃ ወረደ» ይባላል፤ «ደን ገባ» የተባለ ሸማቂ ግን ሰምቼ አላውቅም። «ደን» የሚከለልና የሚጠበቅ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደን ባለቤቱ የታወቀ ሀብት ነው፤ «ጫካ» ግን ባለቤት ኖረውም አልኖረው የዛፉን ጥቅጥቅነት ይገልጻል። «ዱር» ከሁለቱም ይለያል፤ የለማዳ ተቃራኒ ስለሆነ ዛፍ እንኳ ላይኖርበት ይችላል፤ የዱር አህያ የሚኖረው በአፋር ገላጣ ሜዳ ነውና።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በቡና ነው። በከፋ፣ በሸካና በያዩ፣ በቀረሮና በዋንዛ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡና «የጫካ ቡና» ስንል ቦታውን መናገራችን ነው፤ «የዱር ቡና» ስንል ግን ማንም ያልተከለው መሆኑን እንመሰክራለን። ገበሬው የጥላውን ዛፍ አሳስቶ ሥሩን ሲመነጥር «ከፊል የጫካ ቡና» ይባላል እንጂ ከፊል የዱር አይባልም። ከፋና ያዩ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡት በዚሁ በዱር ቡናቸው የተነሣ ጭምር ነው።

ወደ ዕጣኑ ስንመለስ፣ «በረሃ»ን አሸዋ ብቻ ያደረገው የጂኦግራፊ ትምህርታችን ይመስለኛል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን ሸለቆ ወንዝ እያቋረጠው፣ ግራር እያለበሰው «ዓባይ በረሃ» እንለዋለን፤ ስሙ ሞቃቱን፣ ሰው የሳሳበትን ቆላ ይይዛል ማለት ነው። የዕጣን ዛፍም በመተማ፣ በሑመራ፣ በተከዜና በዓባይ ሸለቆ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላል፤ ሙጫው ልጡ እየተፋቀ የሚሰበሰበውም በበጋ፣ ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ነው። ስለዚህ አገላለጹ ትክክል ነው። ዛፍ አልባውን ለይቶ መጥራት ለሚፈልግ «ምድረ በዳ» አለለት።

ተጨማሪ መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ፤ «ቀርከሃ»ም ግን ጥንቃቄ ይሻል። በእንጅባራ ዙሪያና በሲዳማ ደጋ የሚበቅለው ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ በአሶሳና በመተከል ቆላ የሚበቅለውና «ሽመል» የሚባለው በአመዛኙ ድፍን ነው፤ በዕፅዋት ሳይንስ ሁለቱም ከሣር ወገን መሆናቸው ሌላ ክርክር ነው። ስለዚህ «የቀርከሃ ደን» ብሎ የሚጽፍ ሰው የደጋውን ይሁን የቆላውን አብሮ ሊገልጽ ይገባል።