ክርክር፦ ኮምፒውተር ከሃይበርኔት ሲነሳ ዲቫይሶቹ (እንደ ዋይፋይ ካርድና ስፒከር ያሉት ክፍሎቹ) ወደነበሩበት ይመለሱ ወይስ ከዜሮ ይጀምሩ?

ጠያቂ፦
ማታ ላፕቶፔን ሃይበርኔት አድርጌ (የተከፈተውን ሁሉ ዲስክ ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ አድርጌ) ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው የጀመርኩት ጽሑፍ በተውኩበት መስመር ላይ አለ፤ ከርሰሩ እንኳ አልተነቃነቀም። ዋይፋዩ ግን ጠፍቷል። ዘፈን ስከፍት ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ስፒከሩ ግን ዝም ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ከሃይበርኔት ሲነሳ እያንዳንዱ ዲቫይስ ከዜሮ ነው መጀመር ያለበት» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ሃይበርኔት ማለት ሁሉም ነገር እንደነበረ መመለስ አይደለም እንዴ? እስቲ ተከራከሩበት።

ድራይቨር ጸሐፊዋ፦
ባልደረባህ ልክ ነው። ሃይበርኔት ስታደርግ ዲስክ ላይ የሚጻፈው የራም (የጊዜያዊው ሜሞሪ) ይዘት ነው። ዋይፋይ ካርዱ ሆድ ውስጥ ያሉት ሬጅስተሮች (የራሱን ቅንብር የሚይዝባቸው ትንንሽ ቦታዎች) እዚያ ውስጥ የሉም። ካርዱ ኃይል ሲያጣ ሁሉንም ይረሳል፤ የተጫነለትን ፈርምዌር (ካርዱን ከውስጥ የሚያሠራውን ፕሮግራም) ጭምር። ጠዋት ራሙ ይመለሳል፤ ድራይቨሩም (ካርዱን የሚያዝዘው ሶፍትዌር) «ካርዱን ማታ አዘጋጅቼዋለሁ» ብሎ ትእዛዝ መላክ ይጀምራል። የሚሰማው የለም።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ጠዋት መጀመሪያ የሚነሳው ሌላ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት የሆነ ፕሮግራም) ነው። እሱ ዲቫይሶቹን በራሱ መንገድ ያስነሳል፣ ማታ የተጻፈውን የራም ቅጂ ከዲስክ ያነባል፣ ከዚያ ቦታውን ለማታው ከርነል ይለቃል። ከመልቀቁ በፊት ዲቫይሶቹን ጸጥ ማሰኘት አለበት። አንዱ ካርድ በዲኤምኤ (በፕሮሰሰሩ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ) ራም ላይ እየጻፈ ከቀረ፣ የተመለሰውን ራም ያበላሻል። ስለዚህ ድራይቨሩ ካርዱን በምን ሁኔታ እንደሚያገኘው አያውቅም። የማያውቀውን ነገር አምኖ ከሚቀጥል ከዜሮ ቢጀምር ይሻላል።

ግራፊክስ ላይ የሚሠራ፦
እህቴ፣ ዋይፋይ ላይ እስማማለሁ። ግራፊክስ ካርድ ላይ ግን «ከዜሮ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የራሱ ሜሞሪ ባለው ካርድ ላይ የተከፈቱት መስኮቶች ምስል እዚያው ሜሞሪ ላይ ነው ያለው። ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። ስለዚህ ራሙ ዲስክ ላይ ከመጻፉ በፊት ወደ ራም ተቀድቶ ጠዋት መመለስ አለበት። ያንን የዘለለ ድራይቨር ጥቁር ስክሪን ወይም የተበጣጠሰ ምስል ነው የሚያሳየው።

ድራይቨር ጸሐፊዋ፦
እሱማ ልክ ነህ። ግን አስተውል፤ አንተም የምትመልሰው ራም ውስጥ ያስቀመጥከውን ቅጂ ነው። ካርዱ መጀመሪያ ከዜሮ ተነሳ፣ ከዚያ ቅጂው ተሰጠው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የፒሲአይ ዲቫይስ (ፒሲአይ በሚባለው መስመር ከማዘርቦርዱ ጋር የተገናኘ) ከሆነ 64 ባይት የሆነውን መነሻ ቅንብር ከርነሉ ራሱ ይመልስለታል። ከዚያ ውጭ ያለው በአብዛኛው የድራይቨሩ ጣጣ ነው።

ሊኑክስ ለተራ እንቅልፍ (ስሊፕ) ሰስፔንድና ሪዚዩም (መተኛትና መንቃት)፣ ለሃይበርኔት ደግሞ ፍሪዝ፣ ታው፣ ፓወር ኦፍና ሪስቶር (ማቆም፣ መልቀቅ፣ ማጥፋትና መመለስ) የሚባሉ ለየብቻ የሆኑ ደረጃዎች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ድራይቨር ግን ለሪዚዩምም ለሪስቶርም አንዱኑ ፈንክሽን ይሰጣል። ተራ እንቅልፍ ላይ ካርዱ ኃይሉ ላይቋረጥበት ስለሚችል ኮዱ ይሠራል። ሃይበርኔት ላይ ይወድቃል። ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው ላፕቶፑ የተበላሸ ነው የሚመስለው።

ጥገና ባለሙያ፦
ፍላሽን ረሳችሁት። ፋይል ተከፍቶበት ሃይበርኔት የተደረገ ፍላሽ ጠዋት ከዜሮ ከተነሳ፣ ለሲስተሙ ተነቅሎ እንደተሰካ ነው። የተከፈተው ፋይል ይቋረጣል። ሊኑክስ ለዚህ ዩኤስቢ ፐርሲስት የሚባል አሠራር አለው፤ መለያ መረጃውን አይቶ ያው ፍላሽ ከመሰለው እንዳልተነቀለ ቆጥሮ ይቀጥላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት ፍላሹን ነቅለህ ተመሳሳይ ሞዴል ብትሰካበት ከርነሉ ላይለየው ይችላል። የድሮውን ፍላሽ ካርታ ይዞ አዲሱ ላይ ይጽፋል፣ ዳታው ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ እኔ ሁሌ የምለው አንድ ነው፦ ሃይበርኔት ከማድረጋችሁ በፊት ፍላሻችሁን ኢጀክት አድርጉ።

ሌላም አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ ካልተዘጋ ተራው ሻት ዳውን ራሱ ግማሽ ሃይበርኔት ነው። የእናንተ ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፣ ከርነሉና ድራይቨሮቹ ግን ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ። «አጥፍቼ አበራሁት፣ አልተስተካከለም» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሪስታርት አስደርገዋለሁ። ሪስታርት በእውነትም ከዜሮ ያስነሳል።

ጠያቂ፦
የእኔ ሊኑክስ ነው። ዛሬ ሞከርኩት። የዋይፋዩን ድራይቨር ከሃይበርኔት በፊት አራገፍኩት፣ ሲነሳ መልሼ ጫንኩት። ወዲያው ሠራ! ባልደረባዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በፍላሹ ግን ከጥገና ባለሙያው ጋር ነኝ፤ እሱ ላይ ከዜሮም ሆነ እንደነበረ መመለስ ሁለቱም ያስፈራል። ስፒከሩ አሁንም ዝም ነው። ሎጉን (ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) አያይዤ ለድራይቨሩ አዘጋጆች ልኬላቸዋለሁ።