ዘፋኝ የራሱ ደላላ ይሁን?

ክራር ያዡ (ደሴ)፦
ሰላም የወሎ ልጆች። ግጥሙንም ዜማውንም ራሴ እሠራለሁ። የሚያሳትመኝ የለኝም፤ የሚያስተዋውቀኝም የለም። የመጨረሻው ዘፈኔ ሦስት ወር ፈጀብኝ። አሁን ደግሞ «በቀን ሁለት ቪዲዮ ካልለቀቅክ ማንም አያይህም» እያሉኝ ነው። አንድ ሳምንት ስልክ ፊት ስገለፍጥ ከረምኩ፤ ክራሬን ሳነሳ ጣቴ ደንዝዟል። የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ጥሩ ዘፈን መንገዱን ራሱ ያገኛል። አምባሰልን ማን አስተዋወቀው? ባቲን ማን «ሼር አድርጉ» አለለት? እስቲ ተከራከሩኝ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
ወንድምዓለም፣ ቅኝትና ዘፈን አታምታታ። አምባሰል እንደ ባቲ ሁሉ ቅኝት፣ ማለትም ዜማ የሚሠራበት ስልት ነው፤ የሁሉም ነው። በሱ የተዘፈነው ሁሉ ግን አልቆየም፤ ስንቱ ግጥም እዚያው ሰርግ ቤት ቀርቷል። አምባሰል ሲባል ጆሯችን ላይ የሚመጣው የማሪቱ ለገሰ ድምፅ ነው። እሷም ብትሆን ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ጋር መድረክ ነበራት። አንተ የኪነት ቡድን የለህም። ስልክ አለህ፣ በቃ።

ደረሳው፦
መንዙማስ? ከሼህ ወደ ደረሳ፣ ወደ ተማሪው ማለት ነው፣ በቃል እየተላለፈ ነው እዚህ የደረሰው። ማስታወቂያ የት አለ?

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
መንዙማው የሚባልበት ሐድራስ? ሰው እየተሰበሰበ፣ ድቤ እየተመታ፣ አዝማቹን ሁሉም እየተቀበለ። ያ ነው ተከታይ ማለት፣ ወላሂ።

የካሴት ነጋዴ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
አባቴ ካሴት ይሸጥ ነበር። አዲስ ካሴት ሲመጣ ስፒከሩን በሩ ላይ አውጥቶ ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ ይደጋግመዋል። ጎረቤት ይራገማል። ለአውቶቡስ ሾፌሮች በቅናሽ ይሰጣቸዋል፤ ተሳፋሪው እስከ ወልዲያ ወዶም ሳይወድም ይሰማዋል። ስለዚህ ማስታወቂያ ዛሬ አልተጀመረም። ያኔ ግን ጩኸቱ የአባቴ ነበር፤ ዘፋኙ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ይሠራ ነበር። አሁን ሁለቱም ሥራ አንተ ላይ ወደቀ። ያሳዝናል፣ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስፒከሩ የሚያሸጠው የመጀመሪያውን ሳምንት ነው። ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣው ሰው የዘፋኙንም ስም አያውቅም። በሩ ላይ ቆሞ አንዲት ስንኝ ያንጎራጉርና «ይሄን የሚለው አለ?» ይላል። አባቴ ቆጣሪው ላይ እየመታ አብሮት ያንጎራጉራል። በመጨረሻ ያገኙታል። እንደዚያ የሚጠየቀው ካሴት ነው ዓመት አልፎም የሚሸጠው።

ሸክላ ወዳጅ (ወልዲያ)፦
በጥሩነት ብቻ የሚሆን ነገር የለም። ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ መብት በነበረበት ጊዜ አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በራሱ ድፍረት ማሳተም ጀመረ። ያ ባይሆን የስንቱ ድምፅ አየር ላይ በቀረ ነበር። ደግሞ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ እነዚያው ሥራዎች ፈረንሳይ ውስጥ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ታተሙና ዓለም ሰማቸው። ዘፈኖቹ በመሀል አልተሻሻሉም። የሚያሰማቸው ሰው መጣ እንጂ።

ክራር ያዡ፦
ይሄኛው መታኝ። ግን የሚያናድደኝ ሌላም አለ። አዝማቹ በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ካልመጣ ሰው ያልፈዋል ይባላል። መግቢያ ሙዚቃ የሚባል ነገር ሊጠፋ ነው። ትዝታ ያለ መግቢያ ምን ትዝታ ነው? ሳላስበው ለቪዲዮ የሚሆን ስንኝ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ሸክላ ወዳጅ፦
አብሽር። የድሮውም ሸክላ እኮ በአንድ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚይዘው። እነሱም ቆርጠው ነው የሠሩት።

እትዬ ሐይቅ፦
እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ የናንተን ቪዲዮ አላውቅም። ላሊበላዎችን ግን አስታውሳለሁ። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው ይዘፍናሉ። የቤቱን ባለቤት ስም ከጎረቤት ጠይቀው ነው የሚመጡት። የሚያወድሱት አንተን ነው፣ ልጆችህን ነው። አያፍሩም። አንተ ልጄ «እኔን እዩኝ» ማለት ነው የከበደህ። እነሱ ግን እንደሱ አይሉም።

ክራር ያዡ፦
እትዬ፣ ይሄን ክራሬ ላይ እጽፈዋለሁ። እሺ፣ ግማሹን ተሸንፌያለሁ። ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ሰዉ እያወራሁ መለጠፍ እችል ይሆናል። አዝማች ለማስቀደም ብዬ ግን መግቢያዬን አልቆርጥም። አዲስ ዜማ ሳወጣ ያለ ክራር፣ በባዶ ድምፅ፣ እናቴ ቡና ስትቆላ እዘፍንላታለሁ። በማግስቱ ዕቃ ስታጥብ ካንጎራጎረችው ይቀራል። ካላንጎራጎረችው እጥለዋለሁ። ሦስት ወር የፈጀውን ከሁለት ቀን በኋላ ነው ያንጎራጎረችው።

የካሴት ነጋዴ ልጅ፦
እሱን ነው እኛ በር ላይ የምንጠብቀው! ግን ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ስንነታረክ የዘፈንህን ስም እንኳ አልነገርከንም እኮ።

ክራር ያዡ፦
አፍሬ ነው።

እትዬ ሐይቅ፦
በል ስንኟን ጻፍልን፣ እኔ አንጎራጉራታለሁ።