ከጠለቃ ኮርስ በኋላ ኤይላት መጥለቅ በመካከለኛ ደመወዝ እንዴት ይቻላል?

የአሽዶዷ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የኦፕን ወተር (የጀማሪ ጠላቂ) ካርዴን ይዣለሁ፤ እስከ 18 ሜትር መውረድ እችላለሁ። የከበደኝ ከኮርሱ በኋላ ያለው ነው። ኤይላት ወርዶ ሁለት ቀን ለመጥለቅ የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያው፣ የዕቃ ኪራዩና የአስጎብኚው ሲደመር ኪስ ያራቁታል። ሆኖም በመካከለኛ ደመወዝ እየኖሩ ዓመቱን ሙሉ የሚጠልቁ አሉ። ምኑን ቀንሰው ነው? ዕቃ ልግዛ ወይስ ልከራይ? ያገለገለ ሬጉሌተር (ከታንኩ አየር የሚተነፈስበት ዕቃ) በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ይታመናል? ግብፅ፣ ሲናይ ውስጥ ያለው ዳሐብ ርካሽ ነው ሲባልም እሰማለሁ።

ሳቲል
እህቴ፣ ሒሳቡን የሚያከብደው ጀልባና አስጎብኚ ነው። ኤይላት ላይ ሪፉ (የኮራል ድንጋዩ) ከባሕሩ ዳር ስለሚጀምር በእግር ገብተሽ ትጠልቂያለሽ፤ ጀልባ አያስፈልግም። ካርድ ያለው ቋሚ ጓደኛ ያዢ፣ ከዚያ የምትከራዪው የአየር ታንክና ወደ ታች የሚያወርድሽ የእርሳስ ክብደት ብቻ ይሆናል። ቦታውን በካርድሽ ልክ ምረጪ፦ «ዋሻዎቹ» ጥልቀት የለውም፣ ይስማማሻል። በ1994 ሆን ተብላ የሰጠመችው የጦር ጀልባ ሳቲል ግን አሸዋው ላይ ያረፈችው 24 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአሁኑ ትቆይሽ።

ብዙ ሰው የማያሰላው ወጪ አለ። እስራኤል ውስጥ የጠላቂ ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው፤ በተጨማሪም ከመጨረሻው ጠለቃ ስድስት ወር ካለፈ ከባለሙያ ጋር የማደሻ ጠለቃ ከፍለሽ ካልወረድሽ ታንክ አይሰጥሽም። በፔሳሕና በሱኮት ብቻ የሚሄድ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ስለሆነ ቀኑ ትንሽ ካለፈበት ማደሻውን ይከፍላል። ደግሞም ማደሪያ በጣም የሚወደደው በእነዚያው በዓላት ነው። ከስግድ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ በሥራ ቀን ሂጂ፤ ማደሪያው ይረክሳል፣ ባሕሩም ሰው አይበዛበትም። የኤይላት ውሃ በክረምት 21 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ዌትሱት (የጠላቂ ልብስ) ከራስ መሸፈኛ ጋር ለብዙ ሰው ይበቃል። በዓመት ከጥቂት ቀን በላይ የምትጠልቂ ከሆነ ኢንሹራንሱንም በቀን ሳይሆን በዓመት ግዢ።

ኦሪንግ
ሬጉሌተሩን በሚመለከት። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ ግን ዋጋው ላይ ሰርቪሱን ደምሪበት። ታንኩ ላይ የሚታሰረው የመጀመሪያው ደረጃ፣ አፍ ላይ የሚያዘው ሁለተኛው ደረጃ፣ ተጠባባቂው ኦክቶፐስ፤ ለእያንዳንዳቸው የየራሱ የመለዋወጫ ኪት ይገዛል፣ ከዚያ የእጅ ዋጋ አለ። ገንዘብ ከመስጠትሽ በፊት የሞዴሉን ስም ለሚሠራልሽ ቴክኒሺያን ላኪና ኪቱ ይገኝ እንደሆነ ጠይቂ። ኪቱ ከገበያ የጠፋበትን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

ሻጩ ዘንድ ስትሄጂ ያለ ታንክም መፈተሽ ይቻላል። የመጀመሪያውን ደረጃ በክዳኑ አጥብቀሽ ዝጊ፣ ሁለተኛውን አፍሽ ላይ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ። ምንም አየር መምጣት የለበትም። ከመጣ ዲያፍራሙ (ውስጡ ያለው ስስ ጎማ) ወይም የትንፋሽ ማስወጫው ጎማ ተቀዷል፣ አለዚያም ጠርዙ ላይ አሸዋ ገብቷል፤ ባሕር ውስጥ በዚያው በኩል ውሃ ያስገባል። ቀጥሎ ክዳኑን ክፈቺና አየር የሚገባበትን ትንሽ የብረት ማጣሪያ በስልክ መብራት እዪው። አረንጓዴ ከሆነ ጨው ውሃ ውስጡ ገብቶ ናሱን በልቶታል። ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ከብረት ታንክ የመጣ ዝገት ነው። አረንጓዴ ካየሽ ዋጋ አትከራከሪ፣ ተይው። ቱቦዎቹን ጫፍ ጫፋቸው ላይ ጎንበስ አድርጊያቸው፤ ጎማው ከተሰነጠቀ የአዲስ ቱቦ ዋጋ ይቀነስልሽ።

ታንክና የመካከለኛ ግፊት (በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ግፊት) መለኪያ ከተገኘ ደግሞ፣ በአብዛኞቹ ሞዴሎች መርፌው 9 ወይም 10 ባር አካባቢ ቆሞ መቅረት አለበት። ቆሞ ሳለ ቀስ በቀስ ሽቅብ ከወጣ የመጀመሪያው ደረጃ ውስጥ ያለው የከፍተኛ ግፊት ቫልቭ መቀመጫ አልቋል፤ ሁለተኛው ደረጃ ሳትነኪው አየር የሚለቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ በሰርቪስ ይስተካከላል።

ሬጉሌተሩ የራስሽ ሲሆን፦ ከታንክ ተፈትቶ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳለ የሁለተኛውን ደረጃ የአየር መልቀቂያ ቁልፍ በፍጹም አትጫኚ። ስትጫኚው ቫልቩ ይከፈትና ውሃው በቱቦው አልፎ የመጀመሪያው ደረጃ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሲታጠብ ሬጉሌተሩ ጊዜው ሳይደርስ ሰርቪስ ሊያስፈልገው ይችላል።

ሒሳብ ያዥ
መግዛትና መከራየትን በቁጥር እንየው። ከምትጠልቂበት ማዕከል የሙሉ ዕቃ ኪራይ ዋጋ ላይ የታንክና እርሳሱን ብቻ ቀንሺ። ለምሳሌ ልዩነቱ በቀን 80 ሼቄል ቢሆንና ዕቃው 2,400 ቢፈጅ፣ ወጪው የሚመለሰው ከ30 የጠለቃ ቀን በኋላ ነው፤ የሰርቪሱ ሲጨመር ይረዝማል። በዓመት አራት ቀን ለምትጠልቅ ሴት አያዋጣም፤ ሃያ ቀን ለምትጠልቅ ያዋጣል።

ስትገዢም በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ማስክ፦ ማሰሪያውን ሳታጠልቂ ፊትሽ ላይ አድርገሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እጅሽን ስትለቂው ካልወደቀ ልክሽ ነው። ከዚያ ጫማና ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ መዋኛ)፣ ከዚያ የጠላቂ ኮምፒውተር። ኮምፒውተር ከጓደኛ ጋር አይጋሩትም፤ የሚቆጥረው በጠለቃ ጊዜ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመውን ናይትሮጅን ነው። ሬጉሌተርና ቢሲዲ (በአየር የሚነፋው የጠላቂ ጃኬት) መጨረሻ ይምጡ። ታንክ ግን አትግዢ፤ በየጊዜው የግፊት ምርመራ ስላለበት ኪራዩ ይሻላል። ኤይላት ብዙ ዕቃ ላይ ቫት ስለሌለ ከአሽዶድ ከመግዛትሽ በፊት ዋጋውን እዚያ አወዳድሪ።

ዳሐብ የጠለቃው ዋጋ በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን የጣባ ድንበር ክፍያና ታክሲው ስላለ ለሁለት ቀን አያዋጣም፤ ለሳምንት ከሆነ ያዋጣል። የመንግሥትን የጉዞ ማስጠንቀቂያና ኢንሹራንስሽ ሲናይን ይሸፍን እንደሆነ አስቀድመሽ እዪ።

የአሽዶዷ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ፦ ጠልቄ የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ አዲስ አበባ ብበር ማደሪያ ይተርፈኛል። ይቻላል?

ኦሪንግ
አይቻልም። የተጠራቀመው ናይትሮጅን ከሰውነትሽ እንዲወጣ ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለብሽ። አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አውሮፕላን ውስጥ ካለው ግፊት እምብዛም አትለይም፤ ስታርፊ ሰውነትሽ እፎይ አይልም። በመኪናም ከኤይላት ስትመለሺ በሚጽፔ ራሞን በኩል ያለው መንገድ ከ800 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ጠልቀሽ ወዲያው አትሂጂበት፤ የዓረባው መንገድ ዝቅ ይላል። ማደሪያ ለማትረፍ የመጨረሻውን ጠለቃ ጠዋት አድርጊው። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከወጣሽ 18ቱ ሰዓት የሚሞላው ሌሊት 11 ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዕቃሽን አጥበሽ ጥላ ላይ አድርቂ፣ ማታ ወደ ቤትሽ ተመለሺና በማግስቱ ብረሪ።